ከምድር ቤት ወደ ወጥ ቤት

እናቴ ሹመት ያገኘች ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሹመት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም እንዲያ አላለውም።

እናቴ ስቴፊ የሆልቤክ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ላውንደሪው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። ውጭው በብርድ ሲንቀጠቀጥ እዚያ ውስጥ ሰው በአጭር እጅጌ ይሠራል። ከትምህርት ቤት ስወጣ በኋላ በር ገብቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ የበረዶ ቦት ጫማዬን አውልቄ፣ ገና ከማድረቂያው የወጣ የአንሶላ ክምር ላይ እወድቃለሁ። እናቴ በረኪና በረኪና ትሸታለች። የእጇ ቆዳ ጣቶቿ መጋጠሚያ ላይ ይሰነጠቅና ማታ ማታ አባቴ ለላሞቹ ጡት የሚገዛውን ቅባት ትቀባዋለች።

ልክ ከራሳችን በላይ ያለው ወጥ ቤቱ ነው። ወጥ ቤቱ የአክስቴ የቨርላ ነበር። አክስቴ የምላት በሥጋ ስለምንዛመድ አይደለም፤ የእናቴ የልብ ጓደኛ ስለነበረች፣ ልጇ ታሚም ክፍል ውስጥ ከእኔ ጎን ስለምትቀመጥ ነው። ሁለቱን ቤቶች የምታገናኝ አንዲት የዕቃ ሊፍት ነበረች፤ ስፋቷ ከዳቦ ምድጃ አይበልጥም። ቁልፉን ሲጫኑት ትንሽ ደወል ይጮኻል፤ ከዚያ እያቃሰተች ትወጣለች ወይም ትወርዳለች። ከታች የታጠበ ፎጣና ሽርጥ ይሄዳል። ከላይ የቆሸሸው ይመጣል፤ ከቆሸሸው ጋር ግን ምንጊዜም የሚበላ ነገር አብሮ ይወርዳል። የተረፈ ኬክ ሊሆን ይችላል፣ ትኩስ ዳቦም። አብዛኛውን ጊዜ በወተትና በስኳር የበሰለ ሩዝ ነው፤ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ ተሰክቶበት። አንዱ የታሚ፣ አንዱ የእኔ።

ሁለቱ ሴቶች በመካከላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሊፍቷ ባዶዋን አትንቀሳቀስም። የሚላክ ፎጣ ከጠፋ እናቴ የተላጠ ብርቱካን ትልካለች፤ ብርቱካን ከጠፋ ከጋዜጣ የቀደደችውን የሳቅ ሥዕል። ቨርላ አንዴ የምትልከው አጥታ አንድ ጥሬ ድንች ላከች፤ አፍንጫና ጢም ቀርጻበት፣ የሆስፒታሉን አስተዳዳሪ አስመስላ። እናቴ ድንቹን እስኪበሰብስ ድረስ ከሳሙናው መደርደሪያ ላይ አላነሳችውም።

በሊፍቷ ቀዳዳ እየተጯጯሁ ይሰዳደባሉ።

«ስቴፊ፣ ሽርጤን አጠብሽው ወይስ ቀቀልሽው? ለታሚ የሚሆን ነው የመጣልኝ።»

«ሽርጡ አልጠበበም፤ አንቺ ነሽ የሰፋሽው።»

«እሺ። ዛሬ ሩዝ የለም።»

«ሩዝሽን ለበሽተኞቹ ስጪ፤ እነሱ መሸሽ አይችሉም።»

ሩዙ ግን ይመጣል። ለእናቴ ሲሆን በሌላ ሳህን ነው፤ ቀረፋው ላዩ ቡናማ እስኪሆን ካልተነሰነሰበት አትቀምሰውም። እኔ ቀረፋ አልወድም። ያኔም አልወድም ነበር፣ አሁንም አልወድም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የካቲት ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኦርቪል ቤታችን መጣ። ኦርቪል የአምቡላንሱ ሹፌር ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይም እሱ ነበር። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ተቀመጠ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ከድመቷ ጋር ነበርኩ። የኦርቪል ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ጣቱ ብቅ ብሎ፣ ልክ የሚያዳምጥ ይመስል፣ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል።

«ላውንደሪው ከፋሲካ በፊት ይዘጋል» አለ ኦርቪል። «አንሶላው በጭነት መኪና ከተማ እየሄደ ይታጠባል። አንቺ ግን አትወጪም፤ የአገልግሎት ዓመትሽ ይበልጣል። ከጠየቅሽ ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው።»

ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በጆሮዬ ገባ እንጂ አልሰማሁትም። እናቴ ከምድር ቤት ልትወጣ ነው፤ መስኮት ወዳለበት፣ ቫኒላ ወደሚሸትበት፣ አክስቴ ቨርላ ወዳለችበት። ድመቷን አቅፌ በጆሮዋ ነገርኳት።

በጆሮዬ የገባውን ዛሬ ሳወጣው እንዲህ ነው። የግዛታችን መንግሥት ለዓመታት ከሚሰበስበው በላይ ሲያወጣ፣ ጉድለቱን በብድር ሲሞላ ኖሮ፣ የብድሩን ወለድ ለመክፈል ሌላ ብድር የሚፈልግበት ደረጃ ደርሶ ነበር። አበዳሪዎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ቁረጡ ተባለ። ከዋናው ከተማ የተነሣው ቆረጣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየወረደ ሆልቤክ ሲደርስ ሁለት ማጠቢያ ማሽንና አንዲት ሴት ሆነ። ማኅበሩ ደግሞ ደንብ አለው። የሥራ መደቡ የታጠፈበት ሠራተኛ፣ በአገልግሎት ከሚያንሰው ባልደረባው ላይ መደቡን መውሰድ ይችላል። በእኛ ዘንድ መግፋት ይባላል። የተገፋውም በተራው ከእሱ የሚያንሰውን ይገፋል፤ እንዲህ እየተባለ የመጨረሻው ሰው ከበር ውጭ ይቀራል። እናቴ ልትሠራው የምትችለውን ሥራ የያዘች፣ በአገልግሎት ከእናቴ የምታንስ፣ ደመወዟም የሚበቃ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም ቨርላ ናት።

«ጓደኛዬን አስወጥቼ ልግባ ነው የምትለኝ?» አለች እናቴ።

«ግቢ አላልኩሽም። መብትሽ ነው ነው ያልኩት።»

«ይሄ ደንብ አለቆች የእህታቸውን ልጅ አስቀርተው እኛን እንዳያባርሩን የወጣ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያ አሁን አለቃው የት አለ? እኔና ቨርላ ብቻ ነን ያለነው።»

የኦርቪል አውራ ጣት ወደ ካልሲው ተመልሶ ገባ።

አባቴ ከመስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። እግሩ ብቻ ይታየኛል። «ስንዴው ዘንድሮም የማዳበሪያውን አልመለሰም» አለ። የእናቴ ወንበር ወደ እሱ ሲዞር፣ «እኔ እኮ ምንም አላልኩም፣ ስቴፊ። ስለ ስንዴው ነው ያልኩት» አለ።

የእርሻ ልጅ ሲያድግ የሚያውቀው፣ ስምንት ዓመቱ ላይ ግን ማንም የማይነግረው ነገር ይህ ነው፤ መሬቱን የሚቀልበው የሚስት ደመወዝ ነው። የእናቴ ደመወዝ ከቆመ በበልግ የሚዘራ ነገር አልነበረንም። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት ነበረባት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔና ታሚ ከቨርላ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠን፣ በትንፋሻችን የደበዘዘው መስኮት ላይ በጣታችን ስንሥል ነበር። እናቶቻችን ውጭ፣ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመው ያወራሉ። አፋቸው ሲከፈት ጭስ ይወጣል እንጂ ድምፅ አይሰማም። አብዛኛውን የምታወራው እናቴ ነበረች። ቨርላ ቀልድ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ ከአፏ የወጣው ጭስ ትንሽ ስለነበር አንድ ቃል መሆኑን አውቄያለሁ። ከዚያ በጓንቷ ከእናቴ ትከሻ ላይ በረዶውን አራገፈች። በስምንት ዓመት ልጅ ዐይን ይህ «እንኳን ደስ ያለሽ» ነበር።

ቨርላ መጥታ መኪናዋን አስነሳች፤ ግን አልነዳችም። እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ስታይ ቆየች። ታሚ «እማዬ፣ እንሂድ እንጂ» አለቻት። «ሞተሩ ይሙቅ» አለች ቨርላ። ሞተሩ ሞቆ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ርክክብ ነው። የሚወጣው ለሚገባው ሥራውን ያሳያል፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ወጥ ቤት፣ በአንድ ምድጃ ፊት ዋሉ። ለእኔ በሕይወቴ ከነበሩት ሳምንታት ሁሉ ያማሩት እነሱ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስወጣ አሁን የምገባው በፊት በር ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድንች ይቀቀላል፣ ሽንኩርት ይጠበሳል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ያለቅሳል። እናቴ በረኪና መሽተቷን አቁማለች። የእጇ ስንጥቅ እየገጠመ ነበር። ከፍ ባለው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ።

«ይሄ ትልቁ ድስት አንድ እጀታው ይላላል» ትላለች ቨርላ። «በእጅሽ ብቻ እንዳታነሺው።»

«እሺ።»

«ክፍል አራት ያሉት ሽማግሌ የዳቦው ጠርዝ ካልተቆረጠላቸው አይበሉም። ጥርስ አጥተው አይደለም። ሚስታቸው እንዲያ ትቆርጥላቸው ስለነበር ነው።»

«እሺ።»

«እሺ እሺ አትበዪኝ፣ ስቴፊ። ቁረጪውና ልየው።»

እናቴ ትቆርጣለች። ቨርላ ታያለች። ስድብ የለም፣ ድንች ላይ ፊት መቅረጽ የለም። ዝም ማለታቸው የሹመት ክብር መሰለኝ፤ ትልቅ ሥራ የያዙ ሰዎች እንደማይቀልዱ አስተዳዳሪውን አይቼ ዐውቅ ነበር።

አንድ ቀን ቨርላን «አክስቴ፣ አሁን አንቺ የእናቴ አለቃ ነሽ ወይስ እሷ ያንቺ አለቃ ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። እናቴ ድንች ከመላጥ ቆመች። ቨርላ ግን ሳትዞር «አለቃችን ድስቱ ነው፣ ሚጢጢ» አለችኝ። «እሱ ሲፈላ ሁላችንም እንሮጣለን።» በዚያ ሁለት ሳምንት የሰማሁት የመጨረሻ ቀልዷ ይህ ነበር።

ትምህርት ቤት ታሚ ቦታዋን ለወጠች። ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ «እናቴ እናትሽን ሥራ እያስተማረቻት ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት፤ ኮርቼ ነበር። «አሁን አብረው ነው የሚሠሩት።»

ታሚ ዐይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከዚያ ሳንድዊቿን ይዛ ሄደች። ቅናት ነው ብዬ ተውኳት።

በዚያው ሰሞን እናቴ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሽርጥ ስትፈታ አየኋት። የሆስፒታሉን ሽርጦች አንገት ላይ የየሠራተኛውን ስም በቀይ ክር የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ የልብስ አጣቢ ሥራ ነው። አሁን በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ፊደል እያነሣች የቨርላን ስም ትፈታለች። ክሩ አርጅቶ መሰለኝ። ፈትታ ስትጨርስ ሌላ ክር በመርፌው ሰካች፤ ግን አልሰፋችም። ሽርጡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ውጭ በረዶው ሜዳው ላይ ሲነፍስ ስታይ ቆየች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ሥዕል እሥል ነበር። ለሹመቷ የማበረክትላት ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ነጭ ሽርጥ ለብሰው፣ አንድ ድስት በየእጀታው ይዘዋል። ድስቱ ከሁለቱም ይበልጣል። የአክስቴን ጠጉር ብርቱካናማ፣ የእናቴን ቡናማ አደረግሁት። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ወረቀቱን አልፎ ይሄዳል።

የርክክቡ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። እኔ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አላወቅሁም። ሥዕሉን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ፤ ለሁለቱም ባንድ ላይ ልሰጣቸው አስቤ ነበር። እናቴን ግን የፊት በሩ ላይ ኮቷን ለብሳ አገኘኋት። «ነይ» አለችኝ፤ «የሥራ ጫማዬ ታች ቀርቷል።»

ምድር ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ማሽኖቹ ተወስደዋል፤ የቆሙበት ቦታ ላይ ከሌላው ወለል የነጡ ሁለት አራት ማዕዘኖች ቀርተዋል። ቧንቧዎቹ አፋቸው ተደፍኗል። እናቴ ጫማዋን ከመደርደሪያው አንሥታ ጥቂት ቆመች። መደርደሪያው ላይ የድንቹ ክብ እድፍ አለ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«መኪናውን ላሙቅ» አለች። «እዚሁ ጠብቂኝ፤ ኮትሽን እንዳትከፍቺ።» በኋላው በር ወጣች።

ብቻዬን እንደቀረሁ ደወሉ ጮኸ። ሊፍቷ እያቃሰተች ወረደች። ሩዝ መጣ ብዬ ሮጬ በሯን ከፈትኩ። ባዶ ነበረች።

ባዶ ሊፍት አይቼ አላውቅም ነበር። እጄን አስገብቼ ጥጉን ሁሉ ዳበስኩ። አክስቴ ረስታ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ደግሞ ሕጉን ዐውቃለሁ፤ ባዶዋን መመለስ የለባትም። ቦርሳዬ ውስጥ ከሥዕሉ በቀር የሚላክ ነገር አልነበረም። ላይ ስትደርስ አክስቴ ታየዋለች፣ ሰኞ ደግሞ ለእናቴ ታሳያታለች ብዬ፣ ሥዕሉን ዘርግቼ አስገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ደወሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ማስጮኼ ስለነበር ደስ አለኝ።

ላይ ጸጥ አለ። በቀዳዳው ቀና ብዬ ባይም ጨለማና የሽቦ ገመድ ብቻ ነው። ቆይቶ የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ የምድጃ በር ሲከፈት፣ ማንኪያ ሳህን ሲመታ ሰማሁ። ሊፍቷ ተመለሰች። ሩዝ ነበር፤ ትኩስ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ። ግን ማንኪያው አንድ ነው፤ ትልቁ የሾርባ ማንኪያ። ላዩ በቀረፋ ጠቁሯል።

ታሚ ስለሌለች ነው አንድ ማንኪያ የላከችው አልኩ። ቀረፋውን ደግሞ ተሳስታ። በማንኪያው ጫፍ ከላይ ከላይ ጠርጌ ወለሉ ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ውስጥ ከተትኩት። ሩዙን ግን ጨረስኩት። እናቴ ከራት በፊት ጣፋጭ ስበላ ስለምትቆጣ ፈጥኜ ነው የበላሁት፤ ምላሴ ተቃጠለ። ሳህኑን ልሼ፣ ማንኪያውን ውስጡ አድርጌ መልሼ ላክሁ። ሳህኑ ስላለባት ሊፍቷ ባዶዋን አልሄደችም። እናቴ ከውጭ ጡሩንባ ነፋች፤ ሮጥኩ።

በቀጣዩ ሳምንት እናቴ ቤት ከገባች በኋላ ከስልኩ አጠገብ አልራቀችም። ስልካችን ገመዱ አጭር ነው፤ ድንቹን ወደ ስልኩ አምጥታ ነው የምትልጠው። አንድ ጊዜ ሲጮህ እጇን ሳትጠርግ አነሣችው፤ የዘር ሻጩ ነበር፣ አባቴን ፈልጎ። አስተዳዳሪው ሌላ ሹመት ሊሰጣት ይሆናል ብዬ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ የታሚ መቀመጫ ባዶ ሆነ። መምህሯ «ታሚ ወደ አልበርታ ሄዳለች» አለችን። አልበርታ ጎረቤታችን ያለ ግዛት ነው፤ ነዳጅ አለ፤ ሥራም አለ። ከመንደራችን በየወሩ የሚሄድ ነበር። አክስቴ እኛን ሳትሰናበት መሄዷን ሳስብ ተናደድኩ። ኩራተኛ ናት፣ እናቴ ስለተሾመች ነው አልኩ። ለዓመታት እንዲያ ነበር የምለው። እናቴ ስትሰማኝ አንዴ «ዝም በዪ» አለችኝ። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ወዲያ የቨርላ ስም ቤታችን ውስጥ አልተነሣም። እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቨርላ ጋር በረዶው ሜዳ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ ትሄድ ነበር፤ እሱንም ተወች፤ ከድንጋዩ ፊት በረዶውን የምትጠርግበት መጥረጊያዋ ጎተራ ውስጥ አቧራ ጠጣ።

ቨርላ መግፋት ትችል እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከእሷ በታች አንዲት ሰው ነበረች፤ ክሪስታ የምትባል፣ ክፍሎቹን የምታጸዳ፣ ገና የወለደች ልጅ። ሰንሰለቱ በደንቡ መሠረት እሷ ጋ ደርሶ ማለቅ ነበረበት። ቨርላ መብቷን አልተጠቀመችም። ኦርቪል ሦስት ጊዜ ሄዶ ለመናት ይባላል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥታ ሸኘችው።

ወጥ ቤቱም ቢሆን ለእናቴ አልበረከተም። በቀጣዩ ዓመት ሆስፒታሉ ራሱ ተዘጋና የጤና ጣቢያ ሆነ፤ አልጋ የሌለው ቤት ወጥ ቤት አያስፈልገውም። ክፍል አራት ያሉትን ሽማግሌ ወደ ሩቅ ከተማ ወሰዷቸው። ዳቦውን ማን እንደሚቆርጥላቸው እናቴ ደጋግማ ትጠይቅ ነበር። እሷ ደግሞ አሁን የምትገፋው ሰው አልነበራትም። አውራ ጎዳናው ላይ ያለው ሞቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብ ጀመረች፤ በረኪናው ተመለሰ፣ የእጇ ስንጥቅም። መሬቱን የሸጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር የግዛታችንን የበጀት ጉድለት የሚያሳይ መስመር ሰሌዳው ላይ አወጣ። መስመሩ እየወረደ መጥቶ ዜሮን ይነካል። «እንግዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ» አለ በደስታ፤ «የሥራ ገበያውም ራሱን አስተካከለ፤ ትርፍ የነበረው የሰው ኃይል ሥራ ወዳለበት ሄደ።» አልተሳሳተም። ፈተናውን ራሱ እንዳለው ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። መንግሥት ዕዳውን መክፈል አልነበረበትም ብዬም አልከራከርም። ትርፍ የነበረው የሰው ኃይል ብርቱካናማ ጠጉር እንደነበራት ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ ባለፈው መኸር ሞተች። ሳንባዋ ነው። ቀብሯ ላይ ከአልበርታ ሳይቀር ሰው መጣ፤ ኦርቪል በከዘራ መጣ፤ ክሪስታ ትልቅ ልጇን ይዛ መጣች። ቨርላ አልመጣችም። ቂም የማትረሳ ሰው ሁልጊዜ ታናድደኛለች። አድራሻዋን ከክሪስታ ተቀብዬ፣ ሰው ሳይልከኝ፣ ስልክም ሳልደውል አልበርታ፣ ሬድ ዲር ድረስ ነዳሁ።

በሩን ራሷ ከፈተች። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ስታበስል ኖራ ጉልበቷ አልቋል፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግድግዳ ትደገፋለች። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። «ሚጢጢ» አለችና ሻይ ልታፈላ ዞረች። ታሚ ሁለት ልጆች እንዳሏት ነገረችኝ። እኔ ግን ለወሬ አልመጣሁም።

«አክስቴ፣ ለምን አልመጣሽም?»

«ጠርታኝ አታውቅም» አለች። «በሕይወት ሳለች ያልጠራችኝን፣ ስትሞት ምን ልሁን ብዬ ልሂድ?»

«ሥራሽን ወስዳ በምን አፏ ትጥራሽ? አፍራ እኮ ነው።»

«ሥራውን ተዪው።» ስኳሩን ወደ እኔ ገፋችው። «በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እወስደው ነበር። አልወስድም ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ሸንግያለሁ፤ እወስደው ነበር። የጎዳችኝ ፈቃድ መጠየቋ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ቨርላ፣ እሺ ካላልሽ አልወስድም አለችኝ። ምን ልበላት? እምቢ ብል ያንቺን ጉሮሮ ልዘጋ ነው፤ እሺ ብል የታሚን። እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ጠላኋት።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ቨርላ ጉልበቷን በሁለት እጇ ታሽ ነበር።

«ቢሆንም ይቅር ብያታለሁ» አለች። «እሷም ታውቀው ነበር።»

«እንዴት ታውቃለች? ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ እንዴ?»

«ተነጋግረን አናውቅም፤ ተላልከናል እንጂ። የመጨረሻው ቀን ጫማዋን ልታመጣ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ አየኋት። ሊፍቷን ባዶዋን ላክሁላት። አውቄ ነው። ከዚያ የከፋ ስድብ አልነበረንም። ይሄው ነው ያለኝ ማለቴ ነው።» ትንሽ ሳቅ አለች። «ከዚያ ሊፍቷ ተመለሰች። ሥዕል ልካልኛለች፤ ያንቺ እጅ ነው። ሁለታችን አንድ ድስት ይዘናል። ስቴፊ መናገር አይሆንላትም፤ እንዲህ አድርጋ መለሰችልኝ አልኩ። የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ሩዝ አሞቅሁላት። ቀረፋውን እስኪጠቁር ነሰነስኩበት። አንድ ማንኪያ አደረግሁበት፤ የልጆቹ እንዳልሆነ እንድታውቅ።»

ማንኪያዬን ከስኒው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሳህኑ ተልሶ ተመለሰ» አለች ቨርላ። «በላችው አልኩ። እንግዲህ ትመጣለች አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ እያሰርኩ በር በሩን አይ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር እጄን እጠርጋለሁ። አልመጣችም። ይቅርታዬን ልሳ በልታ ቀረች። ያንን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኳት።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሻዬን ጠጥቼ፣ ለታሚ ሰላምታ ልኬ፣ መሄድ እችል ነበር። እናቴ ከስልኩ አጠገብ ድንች ስትልጥ ታየችኝ።

«አክስቴ» አልኳት፤ «እናቴ ምድር ቤት አልነበረችም። መኪናውን ልታሞቅ ወጥታ ነበር።»

ጉልበቷን የሚያሸው እጇ ቆመ።

«ሩዙን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ቨርላ አላየችኝም። መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሌላ ሰው መኪና፣ ከዚያ እጇን አየች። ልጅ ሳለሁ ከሊፍቷ አፍ እሰማው በነበረው ድምፅ፣ «ቀረፋውንስ?» አለችኝ።

«ጠርጌ ጣልኩት» አልኳት።